በቢሾፍቱ ምን ይማራሉ?

ይህን ትምህርት የጻፍነው አንዲት እናት ጥያቄ ስለጠየቁን ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምናስተምራቸው ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ «ነገሩን ጻፉት፣ ስሜን ተዉት» ብለውናል።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንድ ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ ኩራዝ አብርተን የ«ፐ»ን ቤት እናስተምር ነበር። «ፐ» ከፊደል ገበታው መጨረሻ ያለች ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በመጡ ቃላት ውስጥ ትገኛለች። ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ፓፓያ እያልን በሰሌዳው ላይ ጻፍን። ሁሉም በአንድ ድምፅ አነበቡ። ቀጥለን «አውሮፕላን» ብለን ጻፍን። «አ… ው… ሮ…» ብለው ጀመሩና ድምፁ እየቀዘቀዘ ሄደ። የከበዳቸው ፊደሉ መስሎን ነበር። አንድ አባት ከኋላ ሆነው፣ «ልጆች፣ ይህንን እንኳ ሳንማረውም እናውቀዋለን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ቆመ፤ ወሬ ሆነ። እኒያ አባት፣ አባታቸው ማይጨው ዘምተው ሲመለሱ ቆዳቸው ተልጦ እንደነበር ነገሩን። ሌላዋ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ልጅ ሳሉ ከአውሮፕላን የወረደ ስንዴ እንደበሉና በሕይወት የተረፉትም በዚያው እንደሆነ አወሩ። ሦስተኛው ሰውዬ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ተፈርቶ ገበያ በሌሊት ይቆም እንደነበር አስታወሱ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ቃል ነው። አንዱ በቃሉ ሲያዝን ሌላው ያመሰግንበታል።

ወሬው ሲበርድ ነው እኒያ እናት የተናገሩት። ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ፈትተው አወጡ። ልጃቸው ከተማ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይጨርሳል። የላከው ደብዳቤ ነው። «ቢሾፍቱ ገብቼ የአየር ኃይል ትምህርት ልማር ነው፣ ምን ትያለሽ?» ይላል። እሳቸውም እኛን፣ «እንዲያው እዚያ ምን ይማራሉ? ይህንን ሳላውቅ ምን ብዬ ልመልስለት?» አሉን።

እኛ ዘማቾች ሦስት ነን። አንዱ ምህንድስና፣ አንዷ ታሪክ፣ አንዱ እርሻ ይማራል። ሦስታችንም በዚያ ማታ አፋችን ተያዘ። ከዩኒቨርሲቲ መጣን እያልን ይህንን ሳንመልስ መቅረት አፈርንበት። «የሚቀጥለው ማክሰኞ እንነግርዎታለን» አልን። ማክሰኞ የተናገርነውን ነው አሁን ለሁላችሁም የምንጽፈው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን ደብረ ዘይት ትባል ስለነበር ብዙ ሰው እስካሁን በዚያ ስም ይጠራታል። ሐይቆች አሏት። ከከተማዋ አጠገብ ሐረር ሜዳ የሚባል የአየር ኃይል ሰፈርና አውሮፕላን ማኮብኮቢያ አለ። ማኮብኮቢያ ማለት አውሮፕላን ለመነሣትና ለማረፍ የሚሮጥበት ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ነው። አብራሪዎች የሚሰለጥኑት እዚያ ነው። በዚያው በቢሾፍቱ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ኮሌጅ አለ። እዚያ ደግሞ ወጣቶች ሞተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ግንባታ፣ የአውሮፕላን ሥራም ይማራሉ። መሐንዲስ ማለት አንድ ነገር ከመሠራቱ በፊት በሒሳብ አስልቶ፣ በወረቀት ነድፎ፣ ይቆማል ወይም አይቆምም ብሎ የሚናገር ባለሙያ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ከየት ተጀመረ?

አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውሮፕላን የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ያበረረውም ፈረንሳዊ ነው፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የአገራችን ሰዎች መብረር ተማሩ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ይገኙበታል። የባቢቼፍ አባት ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ሴትም ነበረችበት። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት መብረር የተማሩ ናቸው። ይህንን ስንናገር ከሴቶቹ መደዳ ሳቅ ተነሣ። «በቅሎም አላስወጡን!» አለች አንዷ።

ትምህርቱ ገና ሥር ሳይሰድ ጣሊያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ነበሩት። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ግን ደርዘን ያህል ቢሆኑ ነው፤ እነሱም መልእክተኛና መድኃኒት የሚያመላልሱ እንጂ የሚዋጉ አልነበሩም። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር በተከዜ ወንዝ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ተጣለ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦርነት ተደረገ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ በሚመለሰው ጦር ላይ በአሸንጌ ሐይቅና በኮረም መንገድ መርዙ እንደ ጠል ረጠበ። ይህ መርዝ ሰናፍጭ ጋዝ ይባላል። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያጠፋል፣ ሳንባን ያቆስላል። በባዶ እግሩ የረገጠው ገበሬ ሁሉ ቆሰለ። እኒያ አባት የነገሩን የቆዳ መላጥ ከዚህ የመጣ ነው። በዚያው በኮረም አካባቢ ቁስለኛ የሚያክም የእንግሊዝ የቀይ መስቀል ቡድን ሳይቀር ከአየር ተደበደበ። ድንኳኑ ላይ ቀይ መስቀል ተስሎበት ነበር።

በዚያ ዘመን ሁለት የውጭ ሰዎች መጥተው ረዱ። ሁለቱንም ማስታወስ ይገባል። አንዱ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከአሜሪካ መጥቶ ያችን ጥቂት የአየር ኃይል መራ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጣና የኢትዮጵያ ወጣቶችን መብረር አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. ያበረረው አውሮፕላን ተከስክሶ በደረሰበት ጉዳት አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ሁለተኛው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ ነው። በ1928 ዓ.ም. ለቀይ መስቀል ቁስለኛና መድኃኒት በአውሮፕላን ያመላልስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጣና ለአሥር ዓመት ያህል የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ በቢሾፍቱ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ። ሳፊር የምትባል ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን የገባችውም ያን ጊዜ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች የጀመሩት በሷ ነው።

የፎን ሮዘንን ነገር እንጨርስ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአገራችን ድርቅ በነበረ ጊዜ አርጅቶ ተመልሶ መጣ። በትንንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር፣ ቦምብ በሚንጠለጠልበት ቦታ፣ የእህል ከረጢት እያንጠለጠለ መኪና በማይደርስበት ቦታ ጣለ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ ተገደለ።

ከስዊድኖቹ በኋላ የአሜሪካ አውሮፕላኖች መጡ። በ1954 ዓ.ም. አራት ሴበር የሚባሉ የኢትዮጵያ ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ለሰላም ማስከበር ወደ ኮንጎ ዘመቱ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር ከቢሾፍቱ የወጡት አብራሪዎች በአየር ውጊያ የበላይነት አገኙ። ከነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ነው። አውሮፕላኑ ተመትቶ በሶማሊያ ተማረከ፤ 11 ዓመት ታስሮ በ1980 ዓ.ም. ተፈታ። 11 ዓመት! ዘር የተዘራበትን ማሳ አሥራ አንድ ጊዜ ማጨድ ማለት ነው። ከዚያም የሩሲያ ሚጎች ገቡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የድሮው አየር ኃይል ፈረሰ። ከአባሎቹ ብዙዎቹ ታሰሩ ወይም ከሥራ ወጡ። ትምህርት ቤቱ ቆይቶ እንደገና ሥራ ጀመረ። የምህንድስና ኮሌጁ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ይህንን ሁሉ ስንናገር እኒያ እናት ዝም ብለው ሰሙ። በመጨረሻ፣ «እኔ የጠየቅሁት ማን እንደመጣ አይደለም። ልጄ ምን ይማራል?» አሉ። ልክ ናቸው። የታሪክ ተማሪዋ ጓዳችን ቀጥላ ትናገር ነበር፤ ያዝናት። ወደ ትምህርቱ እንግባ።

ቢሾፍቱ የገባ ወጣት በመጀመሪያ ሐኪም ያየዋል። ዓይኑ ይመረመራል፤ ጆሮው፣ ልቡ፣ ሳንባው ይታያል። ከዚያ አውሮፕላን ከመንካቱ በፊት ክፍል ገብቶ እንደናንተ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። የሚማረውም ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የነፋስና የደመና ትምህርት፣ የካርታ ንባብ፣ የሞተር ሥራ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት አውሮፕላን ለምን አይወድቅም የሚለው ነው።

ብዙ ሰው አየር ባዶ ይመስለዋል። ባዶ አይደለም። አውድማ ላይ ምርቱን በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ስትሰጡት ገለባውን የሚወስደው ምንድን ነው? የቀጥቃጭ ወናፍ ከሰሉን የሚያቀላው በምንድን ነው? አየር ይገፋል፤ ክብደትም አለው። ነፋሻ ቀን ላይዳ ያዙና ፊቱን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ነፋሱን ተቀበሉበት። እጃችሁን ወደ ላይ ያነሣዋል። ነፋስ የቤት ጣራ ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስድ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። የአውሮፕላን ክንፍ እንደዚሁ ነው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋል። ነገር ግን ነፋስ ሁልጊዜ አይነፍስም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ራሱ በኃይል ይሮጥና ነፋሱን ይፈጥራል። ማኮብኮቢያው ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። ሩጫው ካልበቃ አይነሣም።

የሚያስሮጠው ሞተሩ ነው። ልጆች የፍየል ፊኛ ነፍተው አፉን ሳያስሩት ሲለቁት ወዴት እንደሚሄድ አይታችኋል። አየሩ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ፊኛው ወደ ፊት ይፈናጠራል። የጄት ሞተርም ሥራው ይኸው ነው። አየር ከፊት ይስባል፣ ያምቀዋል፣ ነዳጅ ጨምሮ ያቃጥለዋል፣ የጋለውን አየር በኋላ ይተፋል። ጩኸቱ ከዚያ ይመጣል።

እዚህ ላይ የኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ደጋ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል። ከተከዜ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ ሽቅብ የወጣ ሰው ትንፋሹ የሚያጥረው ስለ ዳገቱ ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከታችኛው በግማሽ ያህል ያንሳል። ቢሾፍቱ ራሷ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሳሳ አየር ክንፉ የሚገፋው ነገር ይቀንስበታል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይደክማል። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በደጋ አገር ማኮብኮቢያ ከቆላው የበለጠ ይረዝማል። ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት፣ በስንት ሰዓት ምን ያህል ጭነት መጫን እንደሚቻል የሚያሰላው መሐንዲሱ ነው። ካላሰላ አውሮፕላኑ ከገደሉ ጫፍ ሳይነሣ ይቀራል።

ሰልጣኙ ይህንን ካወቀ በኋላ በትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከአስተማሪው ጋር ይወጣል። መሪው ሁለት ነው፤ አንዱ በተማሪው፣ አንዱ በአስተማሪው እጅ። ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው ያቀናል። አንድ ቀን ሳይነግረው አስተማሪው ይወርድና «በል ብቻህን ሂድ» ይለዋል። አብራሪዎች ይህችን ቀን አይረሷትም። ከዚያ ወደ ጄት ይሻገራል። በ1970ዎቹ ከቼኮዝሎቫኪያ የመጡት ኤል 39 የሚባሉት የመማሪያ ጄቶች ለዚህ ያገለገሉ ናቸው።

አሁን ደግሞ እናንተን የሚመለከት አንድ ነገር እንንገራችሁ። አብራሪ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያደርገው ማንበብ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አሥር ዓመት የበረረ ሰው እንኳ በቃሌ አውቃለሁ አይልም። የተጻፈ ዝርዝር አለ። ነዳጁ? አየሁ። በሩ? ዘጋሁ። ክንፉ? ይንቀሳቀሳል። አንድ በአንድ እያነበበ ይመለከታል። ከሱ በፊት ደግሞ መካኒኩ አውሮፕላኑን ፈትቶ፣ አጥብቆ፣ ዘይቱን አይቶ፣ ያደረገውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፍና ይፈርማል። አብራሪው መዝገቡን አንብቦ እሱም ይፈርማል። ፊርማ ሳይኖር አይነሣም። አንዲት ብሎን ሳትጠብቅ ብትቀር ማን እንዳላጠበቃት በጽሑፍ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንዱ ተማሪያችን፣ «በጣት ቢፈርምስ?» ብሎ ሁሉም ሳቀ። እሱ ራሱ እስካለፈው ዓመት በጣቱ የሚፈርም ነበር።

ለአንድ አብራሪ መሬት ላይ ብዙ ሰው ይሠራለታል። ሞተር የሚያውቅ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያውቅ፣ የሬዲዮ ባለሙያ፣ ጎማ የሚለውጥ፣ የአየር ጠባይ የሚያነብ። ሰው ሁሉ የሚያየው አብራሪውን ነው። ከመካከላችን የምህንድስናው ተማሪ ይህንን ሲናገር ትንሽ ቅሬታ ነበረበት፤ ሙያው ስለሆነ ይሆናል።

ቀጥለን ድምፅን አስተማርን። መብረቅ ብልጭ ሲል መጀመሪያ ብርሃኑን ታያላችሁ፤ ነጎድጓዱ ቆይቶ ይመጣል። ድምፅ በአንድ ሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሦስት ሰኮንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሚግ 21 የሚባለው ጄት ከፍ ብሎ ሲበር በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከራሱ ድምፅ ይቀድማል። ዝቅ ብለው ለማጥቃት ሲመጡ እንኳ ጄቶች ከድምፅ ብዙም አያንሱም። ስለዚህ ድምፁና አውሮፕላኑ አንድ ላይ ሊባል በሚችል አኳኋን ይደርሳሉ። ገበያ በሌሊት ይቆም ነበር ያሉን ሰውዬ፣ «ታዲያ ለዚህ ነዋ! ሰማን ስንል ደርሶ ነበር» አሉ። ለብዙ ዓመት ጆሯቸውን ይወቅሱ ኖሯል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ይህንን ለመጻፍ ብዙ አመነታን፤ ትተነው ብናልፍ ግን ለእኒያ እናት ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ መኪና በማይወጣበት ደጋ እህል ከአየር ተጥሏል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የሚባሉትን ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች ይዞ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቷል። ጀርመኖችም ነበሩበት። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው እየሄዱ የመጣያውን ሜዳ ያዘጋጁ ነበር። እህሉ በድርብርብ ጆንያ ይሞላል፤ የውስጠኛው ሲፈነዳ የውጭኛው እንዲይዘው ነው። አውሮፕላኑ 15 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይበራል። 15 ሜትር ማለት የአንድ ትልቅ ዛፍ ቁመት ነው። ከዚያ ጆንያው ከኋላ በኩል ይለቀቃል።

ጆንያው ሲለቀቅ በቀጥታ ወደ ታች አይወድቅም። ከአውሮፕላኑ ጋር ይሄድ ስለነበረ እየወደቀም ወደ ፊት ይሄዳል። ማሽላ ስትጠብቁ ማማ ላይ ሆናችሁ ድንጋይ በወንጭፍ ስትወረውሩ ድንጋዩ እየሄደ ይወድቃል፤ እንደዚያ ነው። አውሮፕላኑ በሰኮንድ 60 ሜትር የሚሄድ ቢሆን፣ ጆንያው ከ15 ሜትር ለመውደቅ ሁለት ሰኮንድ አይሞላበትም። በዚህ ጊዜ 100 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ አብራሪው ከምልክቱ 100 ሜትር ቀደም ብሎ መልቀቅ አለበት። ቢዘገይ እህሉ ገደል ይገባል። እጅግ ቢቸኩል ደግሞ ሜዳው ዳር የቆመ ሰው ላይ ይወድቃል። ይህንን የሚያሰሉ ሰዎች የተማሩት በቢሾፍቱ እንዳለው ዓይነት ትምህርት ቤት ነው።

ቦምብም የሚጣለው በዚሁ ሒሳብ ነው። ከፍታው፣ ፍጥነቱ፣ የመውደቂያው ሰኮንድ፣ ሁሉም ያው ነው። በሰሌዳው ላይ የጻፍነው ቁጥር የሚወድቀው ነገር ጆንያ ይሁን ሌላ አያውቅም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ ይኸው ሒሳብ ተሠራ። ሐውዜን ከኛ በስተሰሜን በትግራይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ገበያውን ደበደቡ። በብዙ መቶ የሚቆጠር እህል ሻጭና ገዢ፣ እናትና ልጅ አለቀ። ያበረሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። የተማሩትም በዚህ በምንናገርለት ትምህርት ቤት ነው። ኦጋዴን ላይ አገር ያዳኑት ወንድሞቻቸውም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ከዚህ በላይ የምናክለው አልነበረንም። እኒያ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጠብመንጃም እንዲሁ ነው» አሉ። አንዲት ወጣት ደግሞ፣ «ጠብመንጃ የያዘው ሰውዬውን ያየዋል፤ ይኼኛው አያይም» ብላ መለሰችላቸው። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከሩ። አንዳንዱ አብራሪ ታዝዞ ነው አለ። አንዳንዱ የታዘዘም ሰው እጅ የራሱ ነው አለ። አልተስማሙም፤ እኛ ሦስታችንም ማታ ወደ ማደሪያችን ስንሄድ አልተስማማንም ነበር።

እኒያ እናት ግን አልተከራከሩም። በሦስተኛው ቀን መጥተው ወረቀትና እርሳስ ጠየቁን። ልንጽፍላቸው ስንል እምቢ አሉ። የአፍ መፍቻቸው ኽምጣኛ ስለሆነ አንዱን ቃል በአማርኛ ለማግኘት ብዙ ያስባሉ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀባቸው። ሁለት ፊደል ብቻ አርመንላቸዋል፤ «ፕ»ን አልተሳሳቱም። ደብዳቤው በሳቸው ፈቃድ እነሆ።

«ይድረስ ለልጄ። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት። ይህን የጻፍኩት በጄ ነው፣ ሰው አልያዘልኝም። አውሮፕላን መማር ተማር። መጠገኑንም ተማር፣ ዘማቾቹ እሱም ትልቅ ነው ብለዋል። ሒሳቡን እኔም ሰማሁ። የጆንያውና የሌላው አንድ ነው አሉ። ከላይ ሆነህ ገበያ ብታይ እኔ አለሁበት። የኛ ገበያ ቅዳሜ ነው። ሌላውን ስትመጣ እንነጋገራለን። እናትህ።»

ደብዳቤውን ለከተማ ገበያተኛ ሰጥተን ላክነው። መልስ ገና አልመጣም።

መልመጃ

አንድ የጭነት አውሮፕላን በሰኮንድ 60 ሜትር ይሄዳል። ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ጆንያ መሬት ለመድረስ 2 ሰኮንድ ይፈጅበታል። አብራሪው ጆንያውን ከምልክቱ ስንት ሜትር ቀደም ብሎ ይልቀቅ? በጠጠር ወይም በወረቀት አስሉ። ቀጥሎ ደግሞ መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ 6 ሰኮንድ ቆይቶ ነጎድጓድ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል? የ«ፐ»ን ቤት ከፐ እስከ ፖ በደብተራችሁ ሦስት ጊዜ ጻፉ። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ ቤት ፊደል ያለባቸውን አምስት ቃላት ፈልጋችሁ አውጡ።